የአያ እንዳለው ከንፈር

በእኛ ደብር ሰው ሞተ የሚባለው አያ እንዳለው ጥሩንባ ሲነፉ ነው። ሬሳው ተገንዞ፣ እናት ፊቷን ነጭታ እንኳ ቢሆን፣ እሳቸው ካልነፉ አገሩ አያምንም። ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ካለው ጉብታ ላይ ቆመው ሲነፉ ከወንዙ ማዶ ያለው ገበሬ ሁሉ ሞፈሩን ጥሎ ይነሣል። ሌላ ሰው ጥሩንባ ሲነፋ አንድ ድምፅ ያወጣና ትንፋሹ እስኪያልቅ ይጎትተዋል። የእሳቸው እንዲያ አይደለም። ወደ ላይ ይወጣል፣ መሐል ላይ ሳግ እንደያዘው ሰው ቆም ይላል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ቆም የሚለው ቦታ ላይ ነው የሰው ሆድ የሚባባው። ይህን ከማንም አልተማሩትም።

እኔ ምስክር እባላለሁ፤ ፍኖተ ሰላም ባጃጅ እነዳለሁ። አያ እንዳለው አማቴ ናቸው። አማች ስለ አማቱ አፉን ሞልቶ አያወራም የሚሉ አሉ። እነሱ እንደ እኔ አማት ያለ ስላልገጠማቸው ነው። የባጃጅ ሹፌር ወሬኛ ነው የምትሉም በሉ፤ ይህን ሳልናገር ከምቀር ባጃጄ ቤንዚን ትጣ።

አያ እንዳለው ገበሬ ናቸው። በቆሎና ዳጉሳ ያርሳሉ፣ ከጓሮ በርበሬ አላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባርኔጣ ደፍተው አያውቁም። በጋ በመጣ ቁጥር የታችኛው ከንፈራቸው ይላጣል፤ ክረምት ሲገባ ይመለሳል። አንድ ዓመት ግን አልተመለሰም። መሐሉ ላይ ቅርፊት ያላት ቁስል ቀረች። እሳቸው "የጥሩንባው ናስ ቆርጦኝ ነው" ብለው ናቋት። ባለቤታቸው እቴ ንግሥቴ ቅቤ ቀቡ፣ ጠበል ወሰዱ። ቁስሏ ግን እያደር ደነደነች፣ ሲነፉም ትደማ ጀመር። አንድ ቀብር ላይ ነጠላቸው ላይ ደም አየሁና ማታ ለሚስቴ ለመስከረም ነገርኳት። መስከረም ነገር አታመላልስም። "ነገውኑ ይዘሃቸው ትመጣለህ፤ እምቢ ካሉ እኔ እመጣለሁ በላቸው" አለችኝ። የልጃቸውን ጠባይ ስለሚያውቁ እምቢ አላሉም።

ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ከቁስሉ ትንሽ ቆርጠው ለምርመራ ላኩ። ውጤቱ ሲመጣ ካንሰር ሆነና ባሕር ዳር ወዳለ አንድ ሆስፒታል ተጻፈልን። እዚያ ያገኘነው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ትሑት ሰው ነበር። ከከንፈራቸው አንድ ሦስተኛ ያህሉን ቆርጦ አውጥቶ ቀሪውን እንደሚሰፋው፣ ከዘገየ ግን በሽታው ወደ አንገት ወርዶ እንደሚገድል ነገራቸው።

"ከንፈሬ ይገጥማል?" አሉ አያ እንዳለው።

"ይገጥማል አባቴ። ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ያወራሉ።"

"እነፋለሁ?"

ሐኪሙ ዘወር ብሎ እኔን አየኝ። "ምን ይነፋሉ?" አለኝ። ነገርኩት። ጥቂት አሰበና፣ "እሱን እንኳ ይችላሉ ለማለት አልደፍርም" አለ። አማቴ ብትራቸውን አንሥተው ወጡ።

የዚያን ሰሞን ቤቱ ቤት አልነበረም። "ባል ነው የምፈልግ፣ ጥሩንባ አይደለም!" ይላሉ እቴ ንግሥቴ። "አንቱ ሞተው ጥሩንባው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሊያጽናናኝ ነው?" አያ እንዳለው ደግሞ አንገታቸውን ደፍተው፣ "እጅህን አምጣ ቢሉኝ እሰጥ ነበር። አባቴን ነፍቸ ቀበርሁ፣ እናቴን ነፍቸ ቀበርሁ። ይህ አገር ያለሱ ምን ብሎ ያውቀኛል?" ይላሉ። እኔ መሐል ላይ ቁጭ ብዬ ሁለቱም እውነት አላቸው እላለሁ በሆዴ። መስከረም ግን ሁለቱንም ተቆጥታ ሄደች።

ያ ሐኪም ዝም አላለንም። ከጥቂት ቀን በኋላ ደወለና ዶክተር እስከዳር የምትባል የቆዳ ሐኪም ልታያቸው እንደምትፈልግ ነገረኝ። ተመልሰን ሄድን። የመስከረም እኩያ ናት። ጠረጴዛዋን ትታ ወንበሯን ከጎናቸው ስባ ተቀመጠች።

"እጅግ ደቃቅ የሆኑ፣ ዓይን የማያያቸው ቅንጣቶች አሉን፤ ናኖ እንላቸዋለን" አለች። "መድኃኒት ተሸክመዋል። በደም ሥር ስንሰጥዎ በሰውነትዎ ይዞራሉ። ካንሰሩ ያለበት ቦታ የደም ሥሩ ሽንቁር ይበዛዋል፤ እዚያ እየሾለኩ ይጠራቀማሉ። ብርሃን ካልነካቸው እንደተኙ ናቸው። አንድ ዓይነት ብርሃን ስናበራባቸው መልሰው ያበራሉ፤ በሽታው የት ድረስ እንደሄደ ያሳዩናል። ሌላውን፣ ቀዩን ብርሃን ስናበራ ደግሞ መድኃኒቱ ይነሣና የተጠራቀመበትን ይገድላል።"

"ያልተጠራቀመበትስ?"

"አብዛኛው ይተርፋል።"

"ከንፈሬ እንግዲህ ይተርፋል ማለት ነው።"

"ተስፋ አለኝ። ግን ልንገርዎ አባቴ፣ ይህ ገና ጥናት ነው፤ ያየነው በጥቂት ሰው ነው። ካልሠራ ወደ ቢላዋው እንመለሳለን፤ ያኔ የሚቆረጠው ከዛሬው ሊበዛ ይችላል።"

አያ እንዳለው ብትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ከዚያ፣ "መጥፎውንም አልደበቅሽኝ። አንቺ ከሆንሽ እሽ" አሉ።

አንድ ግዴታ ነበረበት። መድኃኒቱ ከሰውነታቸው ተጠርጎ እስኪወጣ፣ ከወር በላይ፣ ፀሐይ እንዳይነካቸው። ከነካቸው ቆዳቸውን ያቃጥለዋል፣ ዓይናቸውን ይጎዳል፣ የከንፈራቸው ቁስል ደግሞ ይበላሽና ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። አማቴ ይህን ሲሰሙ እሷን ትተው እኔን ገልመጥ አደረጉኝ። አማች ፊት የማይባል ነገር ሊሉ እንደሆነ ገባኝና ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

"እንደ አራስ?" አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"እንደ አራስ" አለች፤ ሳቋን ልትይዘው አልቻለችም።

"በይ ምች እንዳይመታኝ ነው የምትይኝ።"

"በሉት እንደሱ።"

መድኃኒቱ በተሰጠ ማግስት ክፍሉን አጨልመው ከንፈራቸውን በመሣሪያ አዩት። እኔም ቴሌቪዥን በሚመስለው የመሣሪያው መስተዋት ላይ አየሁ። ቁስሉ እንደ ፍም ቀልቶ ያበራል። የሚያስፈራው ግን ሌላው ነበር፤ የአፋቸው ጠርዝ ላይ፣ በዓይን ምንም በማይታይበት ቦታ፣ ሁለተኛ ፍም አለ። ዶክተር እስከዳር ወደ ባልደረባዋ አየች፣ ከዚያ የሚበራበትን ቦታ አሰፋችው። ቀዩ ብርሃን ሲጀምር አያ እንዳለው እጃቸውን ሰደዱና እጄን ያዙኝ። ልጃቸውን ሲድሩልኝ እንኳ ያልያዙትን እጅ። ጣቶቼ ሊሰበሩ ደረሱ እንጂ እሳቸው ድምፅ አላወጡም። ሲያበቃ እንዴት ነው ብትላቸው፣ "ከቆዳየ ሥር በርበሬ የደለዛችሁ ይመስላል" አሉ። እኔ ብሆን ጣራውን ቀድጄ እወጣ ነበር።

ወደ አገር ስንመለስ በጋቢ ከዓይናቸው በቀር ተሸፍነው፣ ጥቁር መነጽር አድርገው በሚኒባስ መጡ። ከፍኖተ ሰላም ባጃጄን ዙሪያዋን በብርድ ልብስ ጋርጄ ተቀበልኳቸው። መንገድ ላይ የሚያውቀኝ ሁሉ፣ "ምስክር፣ ሙሽራ ነው የያዝኸው?" ይለኛል። ምላሴ አያርፍምና "አራስ ነው" አልኩ። ይህን ያልኩት አንዴ ብቻ ነው፤ ወሬው ግን ከባጃጄ ቀድሞ ደረሰ። ገና ግቢ ሳንገባ የሰፈሩ ሴቶች እልል አሉ። "እንኳን ማርያም ማረችዎ! ወንድ ነው ሴት?" እያሉ ገንፎ ይዘው ገቡ። አማቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ እኔንማ ባያዩኝ ይመርጡ ነበር። ግን ከንፈራቸው አብጦ ሌላ ነገር አይወርድላቸውም። ለካ ለአራስ የተሠራ ምግብ ለእሳቸው የተሠራ ነው። በሁለተኛው ቀን ራሳቸው፣ "ያ ገንፎ የለም?" ብለው ጠየቁ።

እቴ ንግሥቴ አራስ አያያዝ ያውቃሉ። የግድግዳውን ስንጥቅ አንድ ሳይቀር በእበትና በጭቃ መረጉት፣ መስኮቱን ደፈኑ፣ በሩ ላይ ድርብ ብርድ ልብስ ሰቀሉ። ቤቱ ውስጥ ገብተህ የራስህን እጅ አታይም። ዶክተር እስከዳር ስትደውል አማቴ በኩራት፣ "እንዳልሽው ነው፤ መቃብር ውስጥ ያለሁ ይመስላል" አሏት። ጩኸቷ ከስልኩ ወጥቶ እኔ ጆሮ ደረሰ። "ማን ጨለማ ውስጥ ይቀመጡ አለዎት? ፀሐይ ነው ያልኩት! ለስለስ ያለ የቤት ውስጥ ብርሃን ያስፈልግዎታል፤ በቆዳዎ ውስጥ የቀረው መድኃኒት ቀስ እያለ የሚደክመው በእሱ ነው!" እቴ ንግሥቴ የመረጉትን ሲፍቁ ዋሉ። "ዘጠኝ ወልጀ በጨለማ ታርሻለሁ፣ አንድም ቀን ብርሃን ጎደለሽ ያለኝ የለም" እያሉ ያጉረመርማሉ። ቢሆንም ፋቁ፤ ከጣራው ሥር ጭል ጭል የሚል ብርሃን ገባ።

ሁሉም ነገር መስመር ያዘ ስንል የአያ ዘሚካኤል ሞት መጣ። አያ ዘሚካኤል የዕድሩ ዳኛ ነበሩ፤ ከአያ እንዳለው ጋር በሬ አቀናጅተው ያረሱ፣ አንዱ ያለ ሌላው ማኅበር የማይጠጡ ሰዎች ናቸው። ጥሩንባውን ሌላ ሰው ነፋው። አይ አነፋፍ! ማጥ የያዛት ላም ነበር የሚመስለው። አያ እንዳለው ውስጥ ሆነው ሰሙና ማን እንደሞተ ጠየቁ። ስንነግራቸው ተነሥተው ጋቢያቸውን ለበሱ።

በእኛ አገር ሠርግ መቅረት ይቻላል፤ ቀብር መቅረት ግን አይቻልም። ወዳጁን ያልቀበረ ሰው ነገ ገበያ ላይ በምን ዓይኑ ሰው ያያል? እቴ ንግሥቴ በሩ ላይ ተጋድመው፣ "ይሂዱ! እኔን ተራምደው ይሂዱ!" ይላሉ። እኔ ዶክተር እስከዳር ዘንድ ደወልኩ። "በዚህ በቀትር ፀሐይ? ተሸፍነውም አይሆንም፣ ቁስሉ ገና ጥሬ ነው" አለችኝ። አማቴ ሰምተዋል። መደቡ ላይ ተመልሰው ቁጭ አሉና ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ያን አቀማመጥ ማየት አልቻልኩም።

ሮጥኩ። ሬሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ መንገድ ላይ በየቦታው እየቆመ ፍትሐት ይደረግለታል። ለቀሳውስቱ እግራቸው ላይ ወድቄ፣ ከሚቆምባቸው ቦታዎች አንዱ የአያ እንዳለው ደጅ እንዲሆን ለመንኩ። ቄሱ አመነቱ፤ መንገዱ ጠማማ ነው፣ ዳገት ነው፣ ፀሐዩም ከሯል። ይህን ጊዜ የሟች ሚስት ከለቀስተኛው መሐል፣ "ይዙሩ! እሱ ካልተሰናበተውማ ምኑን ተቀበረ?" አሉ። አገሩ ሁሉ ሬሳውን ይዞ ዳገቱን ወጣ።

ቃሬዛው ከደጃቸው ቆመ። በሩ ዝግ ነው። ካህናቱ ጸሎታቸውን ሲጨርሱ አያ እንዳለው ከበሩ ጀርባ ቆመው መናገር ጀመሩ። ጥሩንባ የለም፤ ባበጠ ከንፈር፣ በተኮላተፈ አንደበት ነው። "ዘሚካኤል! አንተ ከፊት ሆነህ እኔ ከኋላ ያረስን። ድንበር የማትገፋ። የተጣላ የምታስታርቅ። ዛሬ እኔ ከቤት ቀረሁብህ፣ አንተ ግን መጣህልኝ!" ከዚያ በኋላ ያለውን ልቅሶ ዋጠው። በሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አላለቅስም ያልኩ ሰውዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ወሩ አለፈ። ቅርፊቱ ረገፈ፣ ሮዝ መሳይ አዲስ ቆዳ ወጣ። ባሕር ዳር ስንመለስ እንደገና መድኃኒቱን ሰጥተው፣ እንደገና አጨልመው አዩ፤ ለዚህም ሌላ ወር አራስ ሆነው ይከርማሉ። መስተዋቱ ላይ አንድም ፍም የለም። ከጠርዙ ሥጋ ቆርጠው መረመሩ፤ ንጹሕ ነው። ዶክተር እስከዳር በየጊዜው እየመጡ መታየት እንዳለባቸው አጥብቃ ነገረቻቸው። ከዚያ፣ "በሉ እንግዲህ አባቴ፣ ሲነፉ ልስማ" አለች።

አማቴ ደነገጡ። "ማን ሞተና?"

እሷ ይህን አላሰበችውም፤ እኛም አላሰብነው ኖሯል። የዕድር ጥሩንባ ለሙከራ አይነፋም። ሰው ሳይሞት መንፋት ሞትን ና ብሎ መጥራት ነው። ጫካ ገብተህ ብትነፋም የሰማ ሁሉ ሞፈሩን ጥሎ ይመጣል። ስለዚህ ከንፈራቸው ድኗል፤ ይነፋ እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም፣ ራሳቸውም አያውቁም። ከዳር በኩል ትንሽ ሳስቷል። አንዳንድ ጊዜ ሰው ያላያቸው ሲመስላቸው ጡጫቸው ውስጥ ኡፍ ሲሉ አይቻቸዋለሁ።

ደግሞ በዚያ ሰሞን ሰው አልሞተም። እግዚአብሔር ይመስገን ነው፣ ሌላ ምን ይባላል? ታሞ የከረመው ሁሉ ተነሣ። አንድ ቀን መስከረም፣ "ይህን ያህል ጊዜ ሰው አለመሞቱ ደግ ነው" አለችኝ። "በጣም ደግ ነው" አልኳት፤ ሁለታችንም ዓይን ለዓይን ሳንተያይ። ዕድርተኛው ውስጥ ለውስጥ ጥሩንባው ለዚያ ለሌላው ነፊ ይጽና ማለት ጀምሮ ነበር። አማቴ ሰምተዋል። ቀለባቸው ቀነሰ።

የበርበሬ ለቀማ ደረሰ። እንደ ወትሮው ከየአገሩ የቀን ሠራተኛ መጣ። ከእነሱ አንዱ ደሞዝ ይባላል፤ ከየት እንደመጣ በቅጡ የሚያውቅ የለም። ማሳ ላይ ወባ ጣለው። በባጃጄ ይዤው በረርኩ፣ ግን ዘግይተን ነበርና ሆስፒታል በገባ ማግስት አረፈ። ሬሳውን መልሼ አመጣሁት። ዘመድ የለው፣ ዕድር የለው። አዲሱ የዕድር ዳኛ፣ "ቄስ ይፈታዋል፣ ጥቂት ጎረምሶች ይቀብሩታል። ጥሩንባ ለአባል ነው፤ ሕግ ነው" አለ። ሕጉ እውነት ነው፤ ከሁሉ አጥብቀው የሚጠብቁትም አያ እንዳለው ነበሩ።

በማግስቱ በማለዳ ሬሳው ካለበት ቤት ደጅ ቆሜ ሳለሁ አያ እንዳለው ጥሩንባቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው መጡ።

"ስሙ ማን ነበር ያልኸኝ?"

"ደሞዝ።"

ጉብታው ላይ ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ጥሩንባውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። መጀመሪያ የወጣው ንፋስ ብቻ ነው፤ በሳሳው ዳር በኩል ፍስስ ብሎ አመለጠ። አውርደው ከንፈራቸውን ጠረጉ፣ ናሱን ጥቂት ወደ ደህናው ጎን አዞሩና እንደገና ነፉ። ወደ ላይ ወጣ። መሐል ላይ ቆም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ።

ከወንዙ ማዶ በር ሲከፈት፣ ውሻ ሲጮኽ ተሰማ። "እሳቸው ናቸው! አያ እንዳለው ናቸው!" የሚል ድምፅ ከአንዱ አጥር ወደ ሌላው ተቀባበለ። አንዲት ሴት እልል ብላ ጀምራ፣ የምን እልልታ እንደሆነ ትዝ ሲላት አፏን በእጇ ያዘች። ሰው ነጠላውን ለለቅሶ አዘቅዝቆ፣ ፊቱ ግን እየሳቀ ዳገቱን ይወጣል። እንዲህ ያለ ለቀስተኛ አይቼ አላውቅም።

"ማን ሞተ?" ይላሉ።

"ደሞዝ ሞተ" አሉ አያ እንዳለው።

"የማን ደሞዝ?"

"የእኛ። እዚህ ወድቆ የማን ሊሆን ነው?"

የዕድሩ ዳኛ ሊናገር አፉን ከፈተ፣ የመጣውን ሕዝብ አየ፣ ዘጋው። ያ የቀን ሠራተኛ እንደ ባላባት ተቀበረ።

እናቱን በስልክ አፈላልገን አገኘናት፤ መንገድ ተዘግቶባት ዘግይታ መጣች። አያ እንዳለው ቤት ገብታ ገና ሳትቀመጥ፣ የያዘችውን ዘንግ እንደተደገፈች፣ እንዴት ሞተ አላለችም፣ የት ተቀበረ አላለችም።

"ጥሩንባ ተነፋለት ወይ?" አለች።

አያ እንዳለው ከመደቡ ተነሥተው ቆሙ።

"ተነፋለት እናቴ" አሏት። "እኔ ነኝ የነፋሁለት።"